ቡችላችንን ላዳነልን ሐኪም ምን እንስጠው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የአምስት ወር ቡችላችን ቦቢ ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ይዞት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት አድክሞት ሊሞት ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ከረዳቱ ጋር ስድስት ቀን ሙሉ፣ ከሥራ በኋላ ቤት ድረስ እየመጣ ግሉኮስ ሲሰጠውና መርፌ ሲወጋው ሰንብቶ አድኖልናል። አሁን ከዳነ አሥር ቀን ሆኖታል። የጠየቀንን ከፍለናል፤ ግን የወሰደው ገንዘብ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ባለቤቴ 2,000 ብር በፖስታ እንስጠው ይላል። እናቴ በግ አርደን እንጥራው ትላለች። እኔ ደግሞ ቦቢን ይዤ ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ላመሰግነው፣ ፎቷቸውንም ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ አስቤያለሁ። ሐኪሙ የመንግሥት ክሊኒክ ሠራተኛ ነው። የቱ ይሻላል?»

አይቆጡኝና፣ ከሦስቱ ሐሳቦች መጀመሪያ የሚታገደው የእርስዎ ነው። ቦቢን ይዘው ክሊኒክ አይሂዱ፤ ቢያንስ ለአሁኑ።

ፓርቮ የያዘው ቡችላ በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ጅራቱን ቆልቶ ጤነኛ ከመሰለ በኋላም ቫይረሱ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ ካገገመ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ይቀጥላል። ክሊኒኩ በር ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቁት እነማን ናቸው? ለመጀመሪያ ክትባት የመጡ የሁለት ወር ቡችሎች። ቦቢ አንዴ እዚያ ቢቀመጥ፣ ወይም ጅራቱና መዳፉ ላይ የደረቀ ነገር ይዞ ቢገባ፣ ሐኪሙን በሳምንቱ ለሌላ ሰው ቡችላ እንደገና ከሞት ጋር ሲታገል ያገኙታል። ስለዚህ ከዳነበት ቀን አንሥቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይጠብቁ፤ ከዚያ ገላውን በሳሙና አጥበው፣ አስቀድመው ደውለው፣ «መቼ ላምጣው? በየት በኩል ልግባ?» ብለው ይጠይቁ። ይህችን ጥያቄ መጠየቅዎ ራሱ ሐኪሙን የሚያስደስት ነገር ነው፤ የነገረዎትን ሰምተውታል ማለት ነውና።

በዚሁ አጋጣሚ ግቢውን ያስታውሱ። ቫይረሱ በአፈርና በጥላ ቦታ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሲሚንቶውን፣ የመብል ሳህኑን፣ ጫማዎን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ ቆሻሻው ሳይነሣ የሚፈስ በረኪና ጉልበቱን እዛው ቆሻሻው ላይ ጨርሶ ይቀራል። ከዚያ በ3 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና (በ20 ሚሊ ሲሪንጅ አምስት ጊዜ ማለት ነው) በጥብጠው ያፍስሱና 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ያድርጉ። ይህ ልክ 5 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ላለው በረኪና ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ያነሰ ከተጻፈ መጠኑን ይጨምሩ። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም። ከሌላ የማጽጃ ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውም፤ እዚያ ላይ ያለው አማራጭ ያልተከተበ ቡችላ እንዳይረግጠው መከልከል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ለክሊኒክ አሮጌ ፎጣና አንሶላ መስጠት ያስባል፤ መልካም ሐሳብ ነው፣ ክሊኒኮች ይፈልጉታል። ቦቢ የተኛበትን ግን አይስጡ። ያ ጨርቅ ይቃጠል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ፖስታ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ ያልተከፈለ ሒሳብ ነው፣ ሌላው ስጦታ ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን ለይተው ያውጡት። «የወሰደው ገንዘብ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም» ብለዋል፤ ምናልባት ከወጪውም ጋር አይመጣጠን ይሆናል። ቁጥሩን እንይ። 10 ኪሎ የሚመዝን ቡችላ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል ውሃ ካጣ የጎደለው ብቻ 800 ሚሊ ሊትር ነው። ለዕለት የሚያስፈልገው በኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ 600 ይጨመርበታል። በዚያ ላይ እያስመለሰና እያስቀመጠው የሚወጣው አለ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ግማሽ ሊትር የሚይዘው ከረጢት ሦስት ያህል ያልቃል ማለት ነው። (ሁላችንም «ግሉኮስ» እንለዋለን እንጂ ለእንዲህ ያለው ሕመም በብዛት የሚንጠለጠለው ሪንገር ላክቴት የሚባለው የጨው ፈሳሽ ነው፤ ስኳሩ እንደ አስፈላጊነቱ ይጨመርበታል።) ከዚያ ካኑላው (ደም ስር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) አለ፤ ቡችላው ነክሶ ሲነቅለው ደግሞ ሁለተኛው። የግሉኮስ ገመዱ፣ ፕላስተሩ፣ ሲሪንጁ፣ ማስመለስ የሚያቆመው መርፌ፣ አንቲባዮቲኩ፣ የስድስት ቀን ነዳጅ ወይም የባጃጅ ሒሳብ አለ። የሚያሳዝን ቡችላ ሲያይ ሒሳቡን ዝቅ አድርጎ መድኃኒቱን ከኪሱ የሚሸፍን ሐኪም ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ዶክተር፣ የመድኃኒቱንና የመንገዱን ወጪ በትክክል አልሸፈንንም ብለን ሰግተናል። እባክዎ ቆጥረው ይንገሩን፤ እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ይዩት።» ቁጥር ከነገረዎት በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈሉ፤ «ለቦቢ ሕክምና ቀሪ ሒሳብ» ብለው ምክንያቱን ይጻፉበት። «ጨርሳችኋል» ካለ እመኑት፤ አይከራከሩ። ሦስት ጊዜ እንቢ ያለን ሰው ኪሱ ውስጥ ብር መክተት እኛ አገር እንደ ደግነት ይቆጠራል እንጂ ሐኪሙን መውጫ ያሳጣዋል።

ከሒሳብ በላይ የሆነው ፖስታ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከሥራው ጋር በተያያዘ የማይገባ ጥቅም መቀበልንም መስጠትንም በወንጀል ያስጠይቃል። እናንተ በንጹሕ ልብ መሆኑን ፖስታው አይናገርም። ሕጉን እንኳ ወደ ጎን ብንተወው፣ ቋንቋችን ራሱ ጉርሻ፣ እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ ጉቦ እያለ ደረጃ በደረጃ የለያቸው ነገሮች የተዘጋ ፖስታ ውስጥ ሲገቡ አንድ ይመስላሉ። ደግሞ ተከታዩን ያስቡ፦ በሚመጣው ክረምት፣ ጭቃው እስከ ጉልበት በሆነበት ሌሊት ቢደውሉለትና መምጣት ባይችል፣ 2,000 ብሩ መሃል ላይ ይቆማል። እርስዎ «ሰጥተነው ነበር» ይላሉ፤ እሱ «ተቀብያለሁ» ይላል። እንዲህ የተበላሹ ግንኙነቶች ብዙ ናቸው። የግል ክሊኒክ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀለል ይል ነበር፤ እዚያም ቢሆን ግን ለባለቤቱ ሳይሆን ለረዳቶቹና ለጽዳት ሠራተኛዋ በግልጽ የሚተው ትንሽ ገንዘብ የተሻለ ቦታ ይደርሳል።

እናትዎን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ወደ ልማዳችን የቀረበው ሐሳብ የእሳቸው ነው። ችግሩ በጉ ላይ ነው። ጾም ይሁን አይሁን፣ ረቡዕና ዓርብን ይጠብቅ እንደሆነ፣ የማን እርድ እንደሚበላ አታውቁም፤ ቤታችሁ ተቀምጦ ሳህን ፊቱ ከቀረበ በኋላ ደግሞ «አልበላም» ማለት ለእሱም ለእናንተም ከባድ ነው። ሲሆን የሚሆነው፣ የግማሽ ቀን ዕረፍቱን ትወስዱበታላችሁ። የእንስሳት ሐኪም እሑድ ከሰዓት አለኝ የሚለው ጊዜ ካለ፣ ለልጆቹ ነው።

በጉ በሌላ ምክንያት ከታረደ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለቦቢ አይወርውሩ። እላዩ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ውስጡ የትል እጭ ነው፤ ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ የኮሶ ትል ዝርያ ይሆናል፣ እንቁላሉ ከውሻው ፀጉርና ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅና አፍ ያልፋል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ተመሳሳይ ከረጢት ያበጃል። እንዲህ ያለው ሥጋ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበራል። የቦቢ አንጀትም ገና እየጠገነ ስለሆነ ቅባት አይስማማውም፤ ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ ዶሮ ከሩዝ ጋር፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። ወተት ይቅርበት፤ የሱሉልታ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ።

ታዲያ እናትዎ ምን ያድርጉ? ድፎ ዳቦ ይጋግሩ። ከወተትና ከቅቤ ነጻ ከሆነ የጾምም የፍስክም ነው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቆርሰዋል፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የማይጋገር ስለሆነ ማንም በጥርጣሬ አያየውም። ጠዋት ከሥራ መግቢያ ላይ፣ ከአንድ ፔርሙስ ቡና ጋር፣ ክሊኒኩ ድረስ ይዘው ይሂዱ (ያለ ቦቢ፣ ጫማዎን ቀይረው)። «ለሁላችሁም ነው» ብለው ጠረጴዛው ላይ ያኑሩት፤ ይመርቁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይውጡ። የእናት ምርቃት ላይ ምክር አልሰጥም፤ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» የሚለው ቀኑን ሙሉ በእጁ ለሚሠራ ሰው ከምንም ይበልጣል።

እስካሁን ያልኩት ስለማይሆነውና ስለ ትንሹ ነው። ወደ ዋናው ልምጣ።

የእንስሳት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሥራውን መጨረሻ አያውቅም። እንስሳው ሲብስበት ሌሊት ይደወላል፤ ሲድን ግን ስልኩ ዝም ይላል። ዝምታው የሞት ይሁን የመዳን አይታወቅም። ሐኪሙ የመረጠው መድኃኒት ሠርቶ ይሆን፣ ቡችላው በኋላ ታሞ ሌላ ቦታ ተወስዶ ይሆን፣ ኪኒኑ ተጨርሶ ይሆን፣ ሳያውቅ ለቀጣዩ ታማሚ ያንኑ ይወስናል። ለዚህ ነው ከበጉም ከፖስታውም ይልቅ «ከዚያ በኋላ ምን ሆነ» የሚለው መረጃ ዋጋ ያለው። በቁጥር የተነገረ ከሆነ ደግሞ ለሌሎች ቡችሎችም ይተርፋል።

ዛሬ ማታ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እንዲህ ያለ መልእክት ይላኩለት፦

«ሰላም ዶክተር። ፓርቮ ይዞት የነበረው የሱሉልታው ቡኒ ቡችላ፣ የቦቢ ባለቤት ነኝ። ዛሬ ከዳነ 10ኛ ቀኑ ነው። በቀን አራት ጊዜ ይበላል። ካስመለሰ 12 ቀን፣ ዓይነ ምድሩ ከጠነከረ 8 ቀን ሆኖታል። ክብደቱ 8 ኪሎ ደርሶ የነበረው አሁን 9 ኪሎ ተኩል ነው። ኪኒኑን ሳያቋርጥ ጨርሷል። መልስ አያስፈልገውም፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው። እግዜር ይስጥልን።»

እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ሥራ አላት። የመጀመሪያዋ የትኛው ቡችላ እንደሆነ ታስታውሰዋለች፤ «ቦቢ ነኝ» ብቻ ቢሉት በሳምንት አምስት ቦቢ ያያል። ቁጥሮቹ የራስዎ ይሁኑ። ክብደቱን ለማወቅ ቦቢን አቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን፤ ልዩነቱ የእሱ ነው። «መልስ አያስፈልገውም» የምትለዋን እንዳይዘሏት፤ ደክሞት ለገባ ሰው ምስጋናን የቤት ሥራ ከመሆን የምታድነው እሷ ናት።

ከመልእክቱ ጋር ፎቶ ያያይዙ። ሐኪሙና እርስዎ ተቃቅፋችሁ የተነሣችሁት አይደለም። የቦቢን የፊት እግር ቀረብ ብለው ያንሡት፤ ካኑላ ሊገባ ሲል የተላጨችው፣ አሁን አዲስ ፀጉር እንደ ለስላሳ ሣር ብቅ ያለባት አራት ማዕዘን ቦታ አለች አይደል? እሷን። ሰውነቱ የደረቀ ቡችላ ደም ስሩ ተጣብቆ ጣት ሥር አይገኝም፤ እዚያች ቦታ ላይ አጎንብሶ፣ ረዳቱ ባትሪ እያበራለት፣ ደም ብቅ እስኪል የጠበቀ ሰው ፎቶውን ሲያይ የሚሰማውን እሱው ያውቀዋል። ከአንድ ወር በኋላ ፀጉሩ ሞልቶ ያንኑ ቦታ እንደገና አንሥተው ይላኩለት። በዚያ ይበቃል፤ በየቀኑ ፎቶ የሚልክ ባለቤትም አስቸጋሪ ነው።

ፌስቡኩን በተመለከተ፣ ከመለጠፍዎ በፊት ይጠይቁት። የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚሠራውን ሥራ እናንተ በምስጋና ብታውጁት እሱ ቢሮ ተጠርቶ ሊጠየቅበት ይችላል። ፈቅዶ ከሆነ ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ እሱ ባለው መንገድ ይጻፉ፤ የእጅ ስልኩን ግን አይለጥፉ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ፈጽሞ አይጻፉ። አንድ ሰው ያንን አንብቦ ከፋርማሲ ገዝቶ የራሱን ቡችላ ይወጋል። ለምሳሌ ጄንታማይሲን ሰውነቱ በደረቀ ቡችላ ላይ ኩላሊት ያበላሻል፤ ለሰው ወገብ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ደግሞ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። «ፓርቮን የሚያድን መድኃኒት ሰጠው» ማለትም ትክክል አይደለም፤ ቫይረሱን የሚገድል መርፌ ኖሮ አይደለም ቦቢ የዳነው፤ የሚወጣው ውሃ እየተተካ፣ ሁለተኛ ኢንፌክሽን እየተከለከለ፣ የራሱ ሰውነት እስኪያሸንፍ ጊዜ ስለተገዛለት ነው። ከእሱ በፊት ያየው ሌላ ባለሙያ ካለም አይንቀፉ። ፓርቮ በመጀመሪያው ቀን ተራ ተቅማጥ ይመስላል፤ ሁለተኛ የሚያየው ሁልጊዜ ዕድለኛ ነው።

ጽሑፉ የሚጠቅመው የሆነውን በትክክል ሲናገር ነው። «ምርጥ ሐኪም፣ ተባረክ» የሚለውን ሁሉም ይጽፋል፣ ማንም አያስታውሰውም። «ማስመለስ በጀመረ በማግስቱ ደወልን፤ ሲመጣ መቆም አቅቶት ነበር፤ ስድስት ቀን ግሉኮስ ተሰጠው፤ በአራተኛው ቀን ውሃ ጠጥቶ ሳያስመልስ ዋለ፤ ክትባቱን አለማስጨረሳችን የእኛ ጥፋት ነበር» ብለው ቢጽፉ ግን ጎረቤትዎ ሁለት ነገር ይማራል፦ ቶሎ መደወልንና ክትባት ማስጨረስን። የመጨረሻዋ ሐረግ ትከብዳለች፤ ግን ከምስጋናው ውስጥ ለሐኪሙ ትልቁን ሥራ የምትሠራለት እሷ ናት።

ከፌስቡክ ይልቅ የመንግሥት ሠራተኛን በእውነት የሚጠቅመው ወረቀት ነው። ለአለቃው የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል፣ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላና ዕድገት ሲወዳደር ይወጣል። እዚህም መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ፤ በግል የመጣበትን ሥራ ለቢሮው መጻፍ ካልፈለገ ደብዳቤውን ለራሱ አድርገው ይስጡት። ከፈቀደ ግን አቀማመጡ የታወቀ ነው፦

ቀን፦ …
ለ፦ (የክሊኒኩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ)
ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ
«በጽሕፈት ቤታችሁ ባለሙያ የሆኑት ዶ/ር … እና ረዳታቸው አቶ … ከ… እስከ … ቀን ድረስ በፓርቮ ታሞ የነበረውን ውሻችንን በትዕግሥት አክመው አድነውልናል። በተጨማሪም በሽታው ወደ ጎረቤት ውሾች እንዳይዛመት ግቢያችንን እንዴት ማጽዳት እንዳለብን አስተምረውናል። ላሳዩት ሙያዊ ትጋት ያለንን ምስጋና እየገለጽን፣ ይህ ደብዳቤ ከግል ማኅደራቸው ጋር እንዲያያዝልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»
ከዚያ ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻ፤ ከታች «ግልባጭ» ብለው ለዶክተሩና ለረዳቱ አንዳንድ ቅጂ። መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ያስወጡበት፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ረዳቱን በደብዳቤው ውስጥ በስም ማካተቴን ልብ ይበሉ። በጥያቄዎ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የተጠቀሰው፤ ስድስቱንም ምሽት ቡችላውን አቅፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ትውከቱ ልብሱ ላይ ሲፈስ ያልተንቀሳቀሰው ግን እሱ ነው። ስሙን የማያውቁት ከሆነ መጀመሪያ የሚደረገው እሱን ማወቅ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነ «ገለቶማ» ይበሉት፤ ከአንድ ቃል በላይ ነው።

ዕቃ መስጠት ካለብዎ ለሥራ የሚውል፣ በግልጽ ለክሊኒኩ የሚሰጥና በመጠኑ ይሁን። በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ (በማታ ጉዞ ሁለቱንም እጅ ነጻ ያደርጋል)፣ አንድ ካርቶን ጓንት ልኩን ጠይቀው፣ አዲስ ፎጣ። የተረፈ መድኃኒት አይመልሱ፤ በተለይ የተከፈተ ብልቃጥ። የት እንደተቀመጠ ስለማይታወቅ ሐኪሙ ሌላ እንስሳ ላይ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ከመጣል ሥራ ውጪ ምንም አልሰጡትም። ልጆች ካሉ ቦቢን ይሣሉለትና ሥዕሉ ይላክ። ግድግዳ ላይ ዓመት ይቆያል፤ ከጽዋና ከሰዓት ይልቅ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ትንሽ ሥራ ስለሚጠይቅ ነው። የሰፈራችሁን ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በአንድ ቀን አስተባብሩለት። ለከተማው ዳርቻ ሐኪም ትልቁ ወጪ መንገዱ ነው፤ ለአንድ ውሻ ከሱሉልታ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለስ የሚውለው ሰዓት። ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ካልቆየ ይበላሻል፣ በረዶ ሆኖ ከቆረፈደም እንዲሁ፤ ለብዙ ውሻ የሚሆን ብልቃጥ ከሆነ አንዴ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ አሥር ውሻ በአንድ ጠዋት ማግኘት ለእሱ ንጹሕ ገቢ ነው፣ ለባለቤቶቹ የመንገድ ወጪው ይከፋፈላል፣ ለልጆቻችሁም ጥበቃ ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ይውላል፤ ያን ሰሞን ብታስቡት ሰው ቤቱ ይገኛል።

ሲያስተባብሩ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። ሰው ውሾቹን አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስብና ይናከሳሉ። በተለይ እናንተ ግቢ እንዳይሆን፤ ስለ አፈሩ ከላይ ያልኩትን ያስታውሱ። ሐኪሙ ከበር ወደ በር ይዙር፤ እርስዎ የውሻ ስም፣ ዕድሜ፣ የባለቤት ስልክ የያዘ ወረቀት አዘጋጅተው ከፊቱ ይሂዱ። ዕድሜው ሦስት ወር ያልሞላ፣ የታመመ፣ ያስመለሰ ውሻ ለዚያ ቀን ይለይ። ቦቢ ራሱ መቼ እንደሚከተብ ሐኪሙ ይወስን፤ ፓርቮን አሸንፎ ቢወጣም ከሌሎቹ በሽታዎች ገና አልተጠበቀም። እያንዳንዱ ውሻ በሚያውቀው ሰው እጅ፣ በአጭር ማሰሪያ ይያዝ። ተናካሽ ከሆነ አንድ ሜትር ያህል የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ወስደው በመሃሉ ቀለበት ሠርተው አፍንጫው ላይ ያጥብቁ፣ ሁለቱን ጫፍ አገጩ ሥር አቋርጠው ከጆሮው ኋላ ይሰሩት። ትንፋሽ ለሚያጥረው ወይም ለሚያስመልሰው ውሻ ይህ አይደረግም፤ ያንቀዋል። በየበሩ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይኑር። ማንኛውም ውሻ የክትባት ወረቀቱን ሳይቀበል አይለፍ፤ ቀጣዩ በዓመቱ ነው።

አንድ ጉዳይ ምስጋናን ጨርሶ ያልፋል። ቦቢ በሕክምናው ጊዜ ሐኪሙን ወይም ረዳቱን ነክሶ ወይም ቧጥጦ ከነበረ፣ ከተናከሰበት ዕለት ጀምሮ 10 ቀን በጤና መቆየቱን ተከታትለው ይንገሯቸው። በነዚያ ቀናት ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ከሞተ ወይም ከጠፋ በዚያው ሰዓት ይደወላል፤ በነጋታው አይደለም። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ አሥሩን ቀን ቆጥሮ ነው የምሄደው አይባልም።

በመጨረሻ ስልኩ። ቦቢ መዳኑን የሰማ ሁሉ «የሐኪሙን ቁጥር ስጪኝ» ይልዎታል፤ እርስዎም ደንበኛ አመጣሁለት ብለው ይሰጣሉ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «የእገሊት ጎረቤት ነኝ፣ ዶሮዬን አስቀመጣት፣ ምን ልስጣት?» የሚል ስልክ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አስቀድመው ይጠይቁት፦ ቁጥሩን ልስጥ ወይስ የክሊኒኩን? በስንት ሰዓት ይደወል? ቤት ድረስ ለመምጣት ስንት ያስከፍላል? መልሱን ከቁጥሩ ጋር አንድ ላይ ለጎረቤትዎ ይላኩ፤ «በነጻ ነው የመጣልን» የምትለዋን ግን ይተዋት።